ከጉድጓዱ በላይ

መኪናው መጮህ የጀመረው ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ ነው። አንዴ ሲጥ አለና ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር ዘይት እንዳልነካው የበር ማጠፊያ ይጮህ ጀመር። የዳኛው ልጅ መሪውን እንደጨበጠ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ታድሶ መጣ ያልከኝ ይኼ ነው?» አሉ አጠገቡ የተቀመጡት እናቱ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እያስተካከሉ።

«ታድሷል እማዬ። ምናልባት አቧራ ገብቶበት ይሆናል።»

«አቧራ እንዲህ አይጮህም።»

መኪናው የአባቱ ነበር። አባትየው በሕይወት ሳሉ ዳኛ ነበሩ፤ ልጃቸው ጠበቃ ሆኖ ከችሎት ችሎት መዞር ከጀመረ ስድስት ዓመት ቢያልፈውም ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚጠራው «የዳኛው ልጅ» እያለ ነው። ያ ክሬም ቀለም ያለው፣ መብራቶቹ ክብ የሆኑ አሮጌ አውቶሞቢል አባትየው ከሞቱ ጀምሮ በሸራ ተሸፍኖ አሥራ አንድ ዓመት ቆሟል። ብዙ የቆመ መኪና ከኋላው ይሰምጣል፤ ባሌስትራው ይዝጋል፣ ጎማ ነገሩ ሁሉ ይደርቃል። ወይዘሮዋ በቅርቡ «አንድ ቀን እንኳ እንደ ድሮው ተቀምጬበት ከተማውን ልየው» ቢሉ ጊዜ ልጁ ጋራዥ አስገባው። ከአሥር ቀን በኋላ መኪናው ከጋራዡ ወጣ፤ የልጁ ልብ ግን እዚያው ቀረ።

በዚያ ጋራዥ የኋላ እግር ሥራ የምትሠራው የባለቤቱ የእህት ልጅ ናት። ሠራተኞቹ «ጸጥታ» ይሏታል። ከእጇ የወጣ መኪና ድምፅ ስለማያሰማ ነው እንጂ እሷማ ስታወራ ከመንገድ ማዶ ትሰማለች። ባሌስትራ ማለት ረጃጅም ጎባጣ ብረቶች ተደራርበው መሐላቸው ላይ የታሰሩበት፣ የመኪናውን ጀርባ የሚሸከም ነገር ነው። ጸጥታ ሁለቱንም አወረደች፤ ብረቶቹን አንድ በአንድ ለያየች፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቀች፤ ግሪስ ቀብታ መልሳ ደረደረቻቸው። በየጫፋቸው ቡሎን የሚያልፍባቸውን የደረቁ የጎማ ቡሾች አውጥታ በአዲስ ተካች። የዳኛው ልጅም ከፍርድ ቤት እየመጣ፣ ከረባቱን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ መብራት ይይዝላታል። መብራቱን ባሌስትራው ላይ መያዙን ትቶ ፊቷ ላይ ሲይዘው «ጠበቃ፣ የተበላሸው እኔ ነኝ እንዴ?» ትለዋለች።

መቆየት በማይችልባቸው ቀናት ይጻጻፉ ነበር። እሱ ጠዋት ወደ ሥራ ሲያልፍ በቢሮው ነጭ ወረቀት የጻፈውን መኪናው ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ይከታል፤ እሷ ማምሻውን በሥራ ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ትመልስለታለች። በወረቀቱ ፊት ስለ ቡሎን፣ በጀርባው ስለ ልብ።

የመጨረሻውን ቀን እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። መኪናው ጎማዎቹ ወልቀው በብረት ድጋፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ጸጥታ ከሥሩ ብቅ ስትል ግንባሯ ላይ ግሪስ ነበረባት፤ የዳኛው ልጅ በመሐረቡ ጠረገላትና እጁን ሳያነሳ ከፊቷ ላይ ቀረ።

«ከእናቴ ጋር አስተዋውቅሻለሁ» አላት። «ላገባት ነው ብዬ።»

«መፍቻውን አቀብለኝ፤ በሥራ ሰዓት አትቀልድ» አለችው። መፍቻውን ተቀብላ ግን እያንጎራጎረች ቡሎኖቹን ታጠብቅ ጀመር።

ይኸው ዛሬ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ቃሉን ሊፈጽም እናቱን ይዞ እየሄደ ነው። ለእናቱ የነገራቸው «መኪናችንን ያደሰውን ጎበዝ ሰው ላሳይሽ» ብሎ ብቻ ነው። ጠበቃ አይደል፤ ሰው ብሎ አለፈው። የቀረውን እዚያ ደርሼ እናገራለሁ ብሎ በልቡ ቃላቱን ሲደረድር አድሮ ነበር። መኪናው በጮኸ ቁጥር ከደረደራቸው ቃላት አንዱ ይወድቅበት ጀመር፤ ጋራዡ በር ሲደርሱ አንድም አልቀረውም።

* * *

የጋራዡ ባለቤት ድምፁን ሰምቶ በሩ ላይ ጠበቃቸው። በእጁ እየመራ መኪናውን ከሥር ማየት የሚቻልበት ጉድጓድ ላይ አቆመው። «ትመጣለች» አለና ወደ ኋላ ሄደ። የዳኛው ልጅ ወርዶ በእናቱ በኩል በመስኮቱ ቆመ። የግቢው አቧራ አስነጠሳቸውና ወይዘሮዋ መሐረብ ፍለጋ የዳሽቦርዱን ኪስ ከፈቱ። እጃቸው የያዘው ግን መሐረብ አልነበረም። ጸጥታ ትናንት ማታ ለእሱ ብላ በጋራዡ በር ጠባቂ በኩል የላከችውን፣ እሱም አንብቦ አንብቦ እዚያው የከተተውን ወረቀት ነው።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ነገ እናትህን ልታመጣ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ቱታዬን ሳይሆን ሌላ ነገር እንዲያዩልኝ ብዬ አዲስ ጫማ ገዛሁ። አትሳቅብኝ። ቀይ ነው።»

«ይቺ ማናት?» አሉ።

በዚያች ቅጽበት መልሱ አጭር ነበረ። ሦስት ቃል ይበቃው ነበር። የዳኛው ልጅ የእናቱን ፊት አየ፤ የተቋጠረውን ቅንድባቸውን አየ፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ ፍንጭት የሚሉት በያጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እንደሚሰማ አየ። አንደበቱ ከዳው።

«የጋራዡ ሠራተኛ ናት፤ ብዙም አላውቃትም። ስለ መኪናው ነው የጻፈችው።»

«ስለ መኪናው?»

«አዎ። እነዚህ ሰዎች ትንሽ ሲቀርቧቸው ወሰን አያውቁም።»

ይህን የመጨረሻውን ማን አናገረው? ማንም አልጠየቀውም። አንዴ የዋሸ ሰው ውሸቱ የሚበቃው ስለማይመስለው ይጨምርበታል።

ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ መብራት ጠፋ። ቀጥሎ በኋላ በኩል ካለው መሰላል እጅ ወጣ፣ ከዚያ ራስ፣ ከዚያ ሙሉ ሰው። ጸጥታ ነበረች። ድምፁን ከበር ሰምታ እሱ ከመኪናው ሳይወርድ ነበር ከሥር የገባችው። ከቱታዋ ሥር የሚታየው ጫማ ቀይ ነው፤ የአንደኛው አፍንጫ ከአሁኑ በግሪስ ጠቁሯል። የዳኛው ልጅ ጫማውን አየና መሬት ብትከፈትለት ዘሎ በገባ።

እሷ አላየችውም። እጇን በጨርቅ እየጠረገች በቀጥታ ወደ እናቱ መስኮት መጣች።

«እንደምን አደሩ እትዬ። የሚጮኸው የጎማ ቡሹ ተቀዶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ያንቺ?» አሉ ወይዘሮዋ፣ ወረቀቱ አሁንም በእጃቸው ነው።

«የኔ። እነዚህ ቡሎኖች የሚጠብቁት መኪናው በእግሩ ቆሞ፣ ክብደቱ ካረፈበት በኋላ ነው። እኔ ግን ተንጠልጥሎ ሳለ አጠበቅኳቸው። ሲወርድ የቡሹ ጎማ ተጠማዘዘ። ተጠማዝዞ ሲሄድ ተቀደደ።»

አጎቷ ከኋላ «አንቺ?» አለ፤ ጆሮውን ማመን አቅቶት። ይህን ነገር ለማንኛውም አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የምታስተምረው እሷ ናት። በያጁ መበየዱን ትቶ፣ ቀለም ቀቢውም መርጫውን ይዞ ቀረበ። ስድስት ሰባት ሰው እየሰማት፣ ፊቷ እንደ ጫማዋ ቀልቶ፣ ግን ሳትንተባተብ፣ ደገመችው።

«አዎ ጋሼ፣ እኔ። ያን ቀን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።»

«የት ነበር?» አሉ ወይዘሮዋ።

ጸጥታ ጨርቁን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

«የማይሆን ቦታ ነበር እትዬ። ተመልሻለሁ።» ከዚያ ወደ ዳኛው ልጅ ዞር ብላ «መኪናውን ትተውልን ይሂዱ። ሲደርስ እናሳውቅዎታለን» አለችው።

አንተ ስትለው ኖራ እርስዎ ያለችው በንዴት ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር። ያለችው ግን በእውነተኛ አክብሮት፣ ለማንኛውም ደንበኛ እንደምትለው ነው። በታክሲ ሲመለሱ እናቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ፤ እሱም ኩርፊያቸው ስለ መኪናው መሰለው።

* * *

ሐሙስ ጠዋት ችሎት ነበረው። የተቃራኒ ወገን ሰውዬ ፊርማው ቀርቦለት «ይህን ያውቁታል?» ተብሎ ሲጠየቅ ፈጠን ብሎ «አላውቀውም» አለ። የዳኛው ልጅ ተነስቶ ሊሞግተው ይገባ ነበር፤ የሚከፈለውም ለዚያ ነው። ተነሳ፣ አፉን ከፈተ። ሰውየውን ሲያየው ራሱን አየ። ዳኛዋ «ጠበቃ፣ ጥያቄ አለዎት ወይስ የለዎትም?» ብለው ሁለቴ ጠየቁት።

ለሌላው ሰው ሲሆን ሰዓት ሙሉ የሚናገር አንደበት ለገዛ ልቡ ሦስት ቃል አጣ። ቢሮው ተመልሶ ደብዳቤ ጀመረ። «ይቅርታ» ብሎ ጻፈና ቀደደው። «እናቴ ስለነበረች ነው» ብሎ ጻፈ፤ ይኼኛው ደግሞ ሲያነበው ከመጀመሪያውም ስላሳፈረው ቦጫጨቀው። እናቱ በበኩላቸው እራት ላይ ትኩር ብለው ያዩትና መልሰው ሳህናቸውን ያያሉ። ቢጠይቁትማ በወደደ።

ዓርብ ፍንጭት ራሱ ቢሮው ድረስ መጣ። ወትሮ ቀልዱ የማያልቅበት ሰው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሳይቀመጥ ወጣ። የሥራ ማዘዣ ወረቀት ነበር።

«መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳል። ቡሾቹ በአዲስ ተተክተዋል። ቡሎኖቹ ክብደት ላይ ሆነው እንዲጠብቁ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ይዘው ይምጡ። የእርስዎ ወረቀቶች በሙሉ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ናቸው።»

የዳኛው ልጅ ቸኩሎ ጀርባውን ገለበጠው።

ባዶ ነው። አንዲት ነጥብ እንኳ የለበትም። ወረቀቱን ይዞ ብዙ ተቀመጠ፤ እንደ ጥፊ የሚያም ባዶ ወረቀት እንዳለ እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

ማታ ለእናቱ ሰው እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። የቢሮውን ጸሐፊ ልወስድ ነው ሊል ሲል እሳቸው ቀደሙት።

«እኔ እቀመጣለሁ። ሲጮህ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ መዳኑንም እኔው ልስማ።»

* * *

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው በአራት እግሩ ጉድጓዱ ላይ ቆሟል። ወይዘሮዋ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው የኋላ ወንበር ላይ ተሰይመው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ጸጥታ ከሥር ናት። ዛሬ አሮጌውን ጫማዋን አድርጋለች። የዳኛው ልጅ ይህን ያወቀው ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ ሲያይ ነው፤ ቀዩ ጫማ የት እንዳለ ለመጠየቅም አፍ አልነበረውም።

አላስቻለውም። ኮቱን ሳያወልቅ በመሰላሉ ወረደ። ጉድጓዱ ለሁለት ሰው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ዘይት የጠጣ ነው፤ ከላይ የመኪናው ሆድ አለ። ጸጥታ መፍቻውን ቡሎኑ ላይ እንዳስገባች ቆመች።

«እዚህ ለደንበኛ አይፈቀድም» አለች ቀስ ብላ።

«ጸጥታ፣ ስሚኝ። ያን ቀን የተናገርኩት እኔ አልነበርኩም።»

«እርስዎ ነበሩ። ድምፁን አውቀዋለሁ።»

«እሺ፣ እኔ ነበርኩ። ፈሪ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቴን በመስታወት ማየት አስጠልቶኛል። እወድሻለሁ። እንዳንቺ የማውቀው ሰው የለም። ምን ላድርግ ንገሪኝ፤ እግርሽ ላይ ልውደቅ?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በክንዷ ጠረገችውና ጉንጯ ላይ ግሪስ ቀረባት። እንደዚያ ቀን እጁን ወደ መሐረቡ ሰደደ። በመፍቻው መለስ አደረገችው።

«ተው። እዚህማ ታውቀኛለህ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «እዚህ ታች መች ከድተኸኝ ታውቃለህ? መብራት ስትይዝልኝ፣ ግንባሬን ስትጠርግልኝ፣ ወረቀት ስትጽፍልኝ ሁሌም ታውቀኛለህ። ያላወቅከኝ ላይ ነው። የምትለው ነገር ካለህ ላይ ወጥተህ በለው። ከሌለህ ደግሞ ሥራዬን ልሥራበት።»

ወደ መሰላሉ ዞረ። መሰላሉ አምስት ደረጃ ነው። ለዳኛው ልጅ ግን በዚያ ሰዓት ማለቂያ አልነበረውም። እናቴ ምን ትላለች የሚለው ፍርሃት አልለቀቀውም፤ እንዲያውም በየደረጃው ጨመረ። ግን ከሥሩ የቆመችው ልጅ ረቡዕ ዕለት በሰባት ሰው ፊት «ጥፋቱ የኔ ነው» ስትል እንዴት እንደቆመች ትዝ አለው፤ እሷ አንዲት የጎማ ቀለበት ስለተቀደደች ያን ያህል ከቆመች እሱ ሰው ቀዶ እንዴት ይሸሻል?

መስኮቱ ጋ ቆመ። ኮቱ ክርኑ ድረስ ዘይት ሆኗል። አጎቷ አለ፣ ፍንጭት አለ፣ ሁሉም አሉ። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ጉድጓዱ ድረስ እንዲሰማ።

«እማዬ፣ ረቡዕ ዕለት ዋሽቼሻለሁ። ያ ወረቀት ስለ መኪና አይደለም። የጻፈችልኝ ጸጥታ ናት። እወዳታለሁ። ላግባሽ ብያታለሁ። አንቺን ያመጣሁሽ እሷን ላሳይሽ ነበር። መኪናው ሲጮህ፣ አንቺም ስትቆጪ ፈራሁና አላውቃትም አልኩ። ከዚያም አልፌ ሰደብኳት። እሷ እዚሁ ከሥርሽ ሆና እየሰማችኝ።» ትንፋሽ አጠረው። «ቡሎኑን አንጠልጥላ ያጠበቀችውም በኔ ነው። ከእናቴ ጋር አስተዋውቅሻለሁ ያልኳት ያን ሰዓት ነው። ደስ ብሏት ነው የረሳችው። ከሁላችንም የተሳሳተች እሷ ብቻ መስላ ይኼው ሦስት ቀን ቆየች።»

ወይዘሮዋ ቦርሳቸውን ከፍተው ያንን የረቡዕ ወረቀት አወጡ፤ በአራት ታጥፏል።

«ሦስቴ አንብቤዋለሁ» አሉ። «ሰው ስለ ጫማ የጻፈውን ስለ መኪና ነው ስትለኝ ያፈርኩት በሷ መሰለህ?»

«እማዬ...»

«ዝም በል፣ ልጨርስ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አላለኝም። ያሰብኩልህ ሌላ ነበር። ዛሬም ልቤ አልተመለሰም፤ ጊዜ ይፈልጋል። ግን ያቺ ልጅ ፊቴ ቆማ ጥፋቱ የኔ ነው ስትል አንተ ከጎኗ ቆመህ ጫማህን ታይ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ አልወርድ ያለኝ ባሳደግኩት ልጅ አፍሬ ነው።»

የዳኛው ልጅ አንገቱን ደፋ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንባው ጠብ አለ፤ አልጠረገውም።

ከጉድጓዱ ውስጥ ድምፅ መጣ፤ ትንሽ የታፈነ፣ አፍንጫው የተደፈነ ሰው ድምፅ።

«እትዬ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ ይጠጉልኝ። ክብደቱ ወደ ግራ አድልቷል።»

ወይዘሮዋ ወደ ቀኝ ተጠጉ። መፍቻው ዞረ፣ ቡሎኑ ጠበቀ። ሌላው ዞረ። አራቱም እስኪጠብቁ ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጸጥታ በመሰላሉ ወጣች፤ ዓይኗ አብጧል፤ መፍቻውን ለአጎቷ ሰጠች።

«ሰምቼሃለሁ» አለችው የዳኛውን ልጅ፤ አሁንም ሳታየው። «መስማት ነው እንጂ ይቅር ማለት ዛሬ አልችልም። ቡሎኖቹ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይታያሉ። መኪናውን ይዘህ ና።»

«እመጣለሁ።»

«ከእናትህ ጋር።»

«ከእናቴ ጋር።»

«የምን ሳምንት?» አሉ ወይዘሮዋ ከውስጥ። «አሁን መሞከር የለበትም እንዴ? ነይ ግቢ፤ ድምፁን ራስሽ ስሚው።» በሩን ከፈቱላት። ጸጥታ ቱታዋን አየች፣ የወንበሩን ንጹሕ ጨርቅ አየች፣ የምታነጥፈው ነገር ፍለጋ ዞር ዞር አለች። ዳኛው በሕይወት ሳሉ በዚያ ወንበር ላይ ልጃቸው እንኳ ብስኩት ይዞ እንዲቀመጥ ፈቅደው የማያውቁት ሴትዮ ኮታቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁላት። «ምን ትፈልጊያለሽ? ተቀመጪ ስልሽ።»

የዳኛው ልጅ መሪውን ያዘ። የጋራዡ በር ላይ አንድ ክፉ የመንገድ ጉድጓድ አለ፤ ረቡዕ ዕለት መኪናው እዚያ ጋ ነበር እሪ ያለው። ቀስ ብሎ ገባበት። ትከሻው ሳያውቀው ተሸማቀቀ። የኋላ እግሩ ወረደ፣ ተነሳ፣ አለፈ። ምንም ድምፅ የለም። እናቱ «እህ» አሉና ወደ ውጭ አዩ።

በመስታወቱ ቀና ብሎ ሲያይ ጸጥታ እያየችው ነው። ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ፈገግ አላለችም፤ ፊቷንም አላዞረችም። ጉንጯ ላይ ያ ግሪስ እንዳለ ነው። ዓይኑን ቀድሞ የሰበረው እሱ ነበር፤ ወደ መንገዱ መልሶት ቀስ ብሎ ነዳ።